ወፍጮው ሲቆም

ጭሮ ውስጥ፣ እኛ ትልልቆቹ አሁንም አሰበ ተፈሪ የምንላት ከተማ ማለቴ ነው፣ ባየች ያልዘፈነችበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ባየች እኔ ነኝ። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፤ ያላመነ ሰፈሩን ይጠይቅ። ዘፈን አውጪ ነበርኩ። አውጪዋ ግጥሙን ታወጣለች፣ ተቀባዮቹ እያጨበጨቡ ይቀበሏታል። አውጪ ከሌለች የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቢሰበሰብ ትርፉ ጭብጨባ ብቻ ነው።

ከዚያ እንቅርቴን በኦፕራሲዮን አወጡልኝ። እንቅርቱ ሲወጣ ድምፄም አብሮ ወጣ መሰለኝ። ስናገርስ ደህና ነኝ፤ ልዝፈን ስል ግን ጉሮሮዬ እንደ አሮጌ በር ሲጥጥ ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው፣ በዚያው ሰሞን ለልጄ ለዮዲ ሽማግሌ ተላከ። ሙሽራው ማቲዎስ የሚኤሶ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አጎቱ ገብሬ ላይ ነው። ገብሬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ድምፁም ከመኪናው ጡሩምባ አይተናነስም። የሙሽራው ወገን በራችን ላይ ሲደርስ እኛ በሩን ዘግተን በዘፈን እናስጠብቃቸዋለን፣ እነሱም በዘፈን ይመልሳሉ፤ ቀድሞ ዝም ያለው ወገን ተሸነፈ። የሰውን ልጅ ሁሉ እየዘፈንኩ ድሬ፣ የራሴ ልጅ በስፒከር ዘፈን ከቤቴ ስትወጣ ማየት ለእኔ ሞት ነው።

አብርሆት ግቢዬ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱን የተከራየች ነርስ ናት። ከወልዲያ ተመድባ ነው የመጣችው። ቀጭን፣ ትሁት፣ ሰላምታዋን እንኳ ከከንፈሯ ካላነበቡት የማይሰማ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ውሃ በመጣ ቀን፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ለቃ ስትዘፍን ሰማኋት። ቧንቧው ሲዘጋ ዘፈኑም ተዘጋ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ባላውቅ ድምፅ አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

"ይሄን ድምፅ የት ደብቀሽው ነው?" አልኳት ስትወጣ።

ፎጣዋን አጥብቃ ያዘች። "ሰምተውኛል እንዴ እትዬ ባየች? ይቅርታ።"

"ምን ይቅርታ አለው፣ የሰረቅሽው ነው?"

ቀስ እያልኩ አወጣጣኋት። ልጅ ሆና መዘምራን ውስጥ ገብታ ነበር። አሰልጣኙ ለበዓል ሲያሰልፋቸው እሷ ጋ ሲደርስ "አንቺ ድምፅ አታውጪ፣ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" ይላታል። እሷም እሺ አለች። ይኸው እዚህ ዕድሜ ደርሳ፣ የስንቱን ሕፃን እትብት ቆርጣ፣ አሁንም እሺ እንዳለች ናት። ያንን ሰውዬ የእጁን ይስጠው።

ለዮዲ ሰርግ አንቺ አውጪልኝ ስላት ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ ሰው እያየኝ አልችልም፤ እየሰማኝማ ጭራሽ" አለች። አልተጨቃጨቅኩም። ቅዳሜ ማሽላዬን አሸክሜ መህዲ ወፍጮ ቤት ይዣት ሄድኩ። የመህዲ ወፍጮ ከተነሳ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማህም፤ እዚያ ሰው የሚግባባው በእጅ ነው። ጆሮዋ ላይ ተለጥፌ "እዚህ ማንም አይሰማሽም፣ እኔም አልሰማሽም፣ በይ ዝፈኚ" አልኳት። እኔን አየችኝ፣ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ አፏ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ በኋላ ደረቷ እስኪነፋ። ምን እንደምትል አልሰማሁም፣ የአንገቷ ሥር ሲወጠር ግን አይቻለሁ። ሥራዋን የያዘች ዘፋኝ አንገት ነው።

ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ቤት መመላለስ ሥራችን ሆነ። የራሴ እህል ሲያልቅ የጎረቤቱን እየለመንኩ አስፈጨሁ። ሰፈሩ "ባየችን ምን ነካት፣ ዱቄት ልትነግድ ነው?" ይል ጀመር። ይበል።

አንድ ቅዳሜ፣ ወፍጮ ቤቱ በገበያተኛ ሞልቶ፣ አብርሆት ዓይኗን ጨፍና በሙሉ ጉሮሮዋ እያወጣች ሳለ መብራት ሄደ። ጭሮ ነው፣ መብራት ይሄዳል። ወፍጮው ቆመ፣ እሷ ግን አልቆመችም። ምንም ነገር ያልደገፈው፣ ወፍራም፣ ንፁህ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ትንሽ እንደሄደች ራሷን ሰማችና አፏን በእጇ ከደነች። መህዲ ዱቄት እንደለበሰ ጆንያውን አስቀምጦ "ኢቲ ፉፊ" አላት፣ ቀጥይ ማለቱ ነው። "ማሻአላህ፣ ምነው አቆምሽ? አዴ ባየች፣ ይሄን ድምፅ ነው በኔ ወፍጮ የምትደብቂው?" ገበያተኛው ሳቀ፣ አንዲት ሴትም አጨበጨበችላት። አብርሆት አልቀጠለችም፤ ግን ሮጣም አልወጣችም።

"እውነት ያምራል?" አለችኝ መንገድ ላይ።

"ይሄን ጥያቄ ሁለተኛ ብትጠይቂኝ ከግቢዬ አስወጣሻለሁ።"

ሳቀች። ከዚያ ቆም ብላ "እሺ፣ አወጣለሁ" አለች። "ግን እርስዎ አጠገቤ ቆመው ይቀበሉኛል።"

እሺ አልኳት፤ አፌን ሞልቼ አይደለም። የሙሽራ እናት በር ላይ አትቆምም፣ ቦታዋ ውስጥ ልጇ ጋ ነው። እሱም ቢሆን ሰበብ ነው። ባየች ባየች ሲባል የሰሙ ሰዎች ፊት ያንን ሲጥጥታ ከማሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል።

የሰርጉ ቀን ጓዳ ውስጥ የዮዲን ቬል እያስተካከልኩ የመኪኖቹ ጡሩምባ ተሰማ። ወዲያው የገብሬ ድምፅ ሰፈሩን አናጋው። ሚኤሶዎች ተቀበሉት፣ ደገመ፣ ሠለሰ፣ ጨረሰ። ተራው የኛ ሆነ። ጆሮዬን ጣልኩ። ሴቶቻችን ማጨብጨብ ጀመሩ፣ የሚወጣ ነገር ሲያጡ ጭብጨባው እየላላ ሄደ።

"የአሰበ ተፈሪ ሰዎች፣ መብራት ሄደባችሁ እንዴ?" አለ ገብሬ። ሳቅ ተሰማ።

ዮዲ እጄን ከቬሏ ላይ አነሳችው። "እማ፣ እኔን ተዪኝ፤ ሂጂላት።"

ስወጣ አብርሆት በተዘጋው በር ፊት ቆማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። እኔን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከአንዷ ጎረቤቴ ከበሮውን ተቀብዬ አንገቴ ላይ አጠለቅኩት። ድምፄ ቢሄድ እጄ አልሄደ። ባለኝ አቅም ሁሉ መታሁት፤ ሴቶቹም ጭብጨባውን አጠነከሩት፣ ሌላ ነገር እስከማይሰማ ድረስ። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ተለጠፍኩ።

"ወፍጮው ተነስቷል፣ ማንም አይሰማሽም።"

ዓይኗን ጨፈነች። አፏ ሲከፈት አየሁ። ደረቷ እስኪነፋ፣ ያ የአንገቷ ሥር እስኪወጠር ጠበቅኩና ከበሮውን ቀስ በቀስ ቀነስኩት። ሴቶቹንም በዓይኔ ጠቀስኳቸው፣ እነሱም ቀነሱ። በመጨረሻ እጄን አነሳሁ። ድምፅዋ ብቻውን ቀረ። በበሩ ክፍተት ሳይ ገብሬ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል፤ የሚመልሰው የጠፋው እሱ ነው። አብርሆት ዓይኗን ገለጠች፣ ከበሮው መቆሙን አየች፣ ሰዉን ሁሉ አየች። አላቆመችም። ጭራሽ ወደ እኔ ዞራ ያላስተማርኳትን ግጥም አወጣች።

ዘፍና ድራለች የሰው ልጅ በተራ፣
ዛሬ እንዝፈንላት የሷ ልጅ ተድራ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን የሙሽራ እናት ሳወድስ ኖሬ፣ ለእኔ ተዘፍኖ አያውቅም። እንባዬ እየወረደ ከሴቶቹ ጋር ተቀበልኩ፤ ማለቴ አፌን አንቀሳቀስኩ። ድምፅ አላወጣሁም። ያንን ዘዴ ከማንም በላይ የምታውቀው ሰው ፊት ለፊቴ መቆሟን ረሳሁት።

ጭብጨባው ሳይቆም አብርሆት ጠጋ ብላ እጄን ያዘችኝ። "ያውጡት እንጂ እትዬ" አለችኝ።

"ሲጥጥ ይላል እኮ ልጄ።"

"ሲጥጥ ይበላ።"

ግጥሙን እንደገና አወጣችው። ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አላነሳችም። ሴቶቹ ሲቀበሉ እኔም አብሬ አወጣሁት። ተሰነጠቀ፣ ሲጥጥ አለ፣ ሚኤሶዎችም ገብሬም ሰሙት። ከጓዳ እልልታ ተሰማ፤ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሙሽራ በገዛ ሰርጓ እልል አትልም፣ ወግ አይደለም። የኔዋ ግን አለች፤ እኔም አልተቆጣኋትም።