ጋሽ ሊፍቴና አርባዎቹ ቃላት

የጋሽ ሊፍቴን እውነተኛ ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሰባት ፎቅ ባለው ሕንፃ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሊፍት ሲያወጡና ሲያወርዱ ስለኖሩ ከጽዳቷ እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም በሥራቸው ነው የሚጠራቸው። ሊፍቱ እንደ ዘመኑ ሊፍት ቁልፍ ሲጫኑት የሚታዘዝ አይደለም። የብረት በሩ ተጎትቶ ይዘጋል፣ የናስ እጀታው ይዞራል፣ ከዚያ ወለል ከወለል ሲገጥም በልክ ይቆማል። በልክ የሚቆመው ግን ለእሳቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ «ይኼ ምን ይከብዳል?» ብሎ እጀታውን ቢይዝ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መሀል ተንጠልጥሎ ቀረና ምሳውን በብረት በሩ ቀዳዳ ተቀበለ።

ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ሲቀራቸው ሕንፃውን አክሲዮን ገበያ ያዘው። ድሮ ብርድ ልብስ የሚከመርበት ሰባተኛ ፎቅ ስልክ አንስተው በሚጮሁ ደላሎች ተሞላ። አንድ ሰኞ ጠዋት የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ፣ እንቅልፍ የጠገበች የማትመስል ወጣት ሴት፣ ሊፍቱ ውስጥ ገብታ አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። አርባ የእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፈውበታል፤ ሁሉም የገንዘብና የገበያ ቃላት ናቸው።

«አርብ አራት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ፈተና አለ ጋሼ።»

«እኔን ከእጀታ እንጂ ከእንግሊዝኛ ጋር ምን አገናኘኝ ልጄ?»

«ፈተናውን ያመጡት ሕንፃውን የያዙት ባለአክሲዮኖች ናቸው። የወደቀ ይሰናበታል፣ ሊፍቱም በአዲስ ይቀየራል ብለዋል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔንም በቀን አምስት ጊዜ እየደወሉ ‹ማንን ቀነስሽ?› ይሉኛል።»

ጋሽ ሊፍቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አሁን ከተሰናበቱ ሙሉ ጡረታቸው ቀረ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ቆመው ሠርተው በስምንት ወር ሊጎድልባቸው ነው፤ ይህ አንጀታቸውን አቃጠለው።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ ጥናት ተጀመረ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ መኪናዋን ስትረግጥ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው እየተወዛወዙ ይሸመድዳሉ። ምላሳቸው ግን ለእንግሊዝኛ አልተገራም።

«ሸር… ሸር… ሸር ያዥ…»

የመኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። «ምን ያዥ?»

«ሸር። አርብ የምፈተነው እሱን ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሸር የማያውቅ ሰው ይዤ ኖሬ፣ በስተርጅና ከመሥሪያ ቤት ሸር ተምረህ መጣህ?»

«ኧረ ሴትዮ፣ እንግሊዝኛ ነው! አክሲዮን ማለት ነው!»

«በፈለገው ቋንቋ ይሁን። እኔ ቤት ሸር አይገባም።»

በዚህ ላይ ቃላቱ አልያዝ አሏቸው። ወረቀቱ ገበያ ሲወጣ ኮርማ ነው፣ ሲወርድ ድብ ነው ይላል። «ኮርማ ምን ሊሠራ ነው የሚወጣው?» አሉ ጋሽ ሊፍቴ ተስፋ ቆርጠው። «ድቡንስ ማን አሳፍሮ አወጣውና ነው የሚወርደው?» ባለቤታቸው ብትቆጣም አሳዘኗት። ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ መላው መውጣትና መውረድ ነው። ያንተስ ሥራ ሌላ ምንድን ነው?»

ማክሰኞ ጋሽ ሊፍቴ ጥናታቸውን ሊፍት ውስጥ አስገቡት። ሲወጡ «ራሊ!» ይላሉ፣ ፈጠን ብለው ከወጡ «ቡም!»። በቀስታ ሲወርዱ «ሪሴሽን»፣ በፍጥነት ከሆነ «ክራሽ!»። ሰው እስኪገባ ሲጠብቁ «ሆልድ»፣ ምድር ቤት ሳይንገጫገጩ ሲያርፉ «ሶፍት ላንዲንግ»፣ በሩን ሲከፍቱ «ኦፕን»። ቃላቱ አንድ በአንድ ገቡላቸው። አርባኛዋ ብቻ፣ የመዝጊያዋ፣ እምቢ አለች። በሩን በጎተቱ ቁጥር ትጠፋባቸውና በዝምታ ይዘጉታል።

ረቡዕ ጠዋት ከሰባተኛ ፎቅ ቀይ ክራባት ያሰረ ደላላ ተሳፈረ። ጋሽ ሊፍቴ እጀታውን እስከ ጥጉ አዞሩና «ክራሽ!» አሉ።

ደላላው ደነገጠ። «ምን አሉ ጋሼ?»

«ክራሽ» አሉ አፋቸውን ሞልተው። «ከሰባት እስከ ምድር።»

«የማን? የሲሚንቶው?»

ጋሽ ሊፍቴ ቃሉ በወረቀቱ ላይ ስለሌለ ዝም አሉ። ደላላው ዝምታቸውን እንደ አዎንታ ቆጠረው። በሩ ሲከፈት ሊፍቱን እንኳ ሳይጠብቅ እግሬ አውጪኝ ብሎ በደረጃ ወደ ላይ ሮጠና ያለ የሌለውን የሲሚንቶ አክሲዮን ሸጠ። እሱ ሲሸጥ ያዩት ሸጡ፣ እነሱን ያዩት ደግሞ ተራገጡ። ጋሽ ሊፍቴ ጩኸቱ ምን እንደሆነ ለማየት «ራሊ፣ ራሊ» እያሉ ወጥተው በሩን ሲከፍቱ ያው ሕዝብ የሸጠውን መልሶ ገዛ።

ሐሙስ ሊፍቱ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ደብተር የያዙ፣ የሚሄዱበት ፎቅ የሌላቸው ሰዎች ከጠዋት ጀምረው አብረዋቸው ይወጣሉ፣ አብረዋቸው ይወርዳሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዴ ቢያስላቸው ሦስት ሰው ጻፈው።

«ልጆቼ» አሉ ጋሽ ሊፍቴ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ተዉኝ እስቲ፣ እኔ እያጠናሁ ነው።»

«ሰማችሁ?» አለ ቀይ ክራባት። «ገበያውን እያጠኑ ነው!»

አርብ ጠዋት ባለአክሲዮኖቹ ራሳቸው መጡ፤ ወፋፍራም፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ሊፍቴ በትሕትና «ቡም!» ብለው ሰባተኛ ፎቅ አደረሷቸው። ገበያው ወዲያው ተተኮሰ። አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ለፈተናቸው ሊወርዱ በሩን ሲይዙ ባለአክሲዮኖቹን ጨምሮ አርባ ሰው ተንጋግቶ ቆመባቸው።

«ዛሬ አይወረድም ጋሼ። እርስዎ ከወረዱ ገበያው ይወርዳል።»

«ፈተና አለብኝ እኮ!»

«ገበያው ቀጥ ብሎ እየወጣ?»

«እሺ በደረጃ ልውረድ።»

«በደረጃማ ከሆነ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል» አለ ቀይ ክራባት። «እሱ ይብሳል።»

ወደ ኃላፊዋ ስልክ ተደወለ። ፈተናው ወደ ላይ ይምጣላቸው ቢባል መመሪያው ፈተና ከምድር ቤት እንዳይወጣ ያዛል አለች። ጋሽ ሊፍቴ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሁሉ አውርዱኝ ባላቸው ጊዜ ሲያወርዱ ኖረው ለራሳቸው አንድ ቀን መውረድ ተከለከሉ። የሚያባርራቸውን ፈተና ያመጡትም፣ ከፈተናው ያስቀሯቸውም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

በዚህ መሀል ደረጃው ላይ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ። ባለቤታቸው ናት። ቤት የረሱትን መነጽር ይዛ፣ ሊፍቱ አልወርድ ሲላት ሰባት ፎቅ በእግሯ ወጥታለች።

«ፈተናህ ደርሶ ምን ይጎልትሃል?» አለች። ከዚያ ዙሪያዋን አየች። «እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«ሸር ያዦች ናቸው።»

«መሆናቸውማ ያስታውቃል!»

ሰዉን በክርኗ እየገፋች ሊፍቱ ውስጥ ገባችና መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ ሰካችው። ጋሽ ሊፍቴ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ግርጌውን አዩ። አርባኛዋ ቃል ቁጭ ብላለች። ተነሥተው ቆሙ፣ የብረት በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ባለ በሌለ ድምፃቸው ጮኹ።

«ክሎዝ!»

ገበያው የሚዘጋው በዚሁ ቃልና በደወል ነው። ደወል የሚደውለው ሰውዬ እጁ ለምዶበት ደወሉን መታው። አርባው ሰው እንደ ለመደው ስልኩን ዘጋ፣ ወረቀቱን ሰበሰበ፣ ኮቱን ለበሰ። ገበያው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተዘጋ፤ አንዴ የተዘጋ ገበያ ደግሞ እስከ ሰኞ አይከፈትም። ሰዎቹ ይህ ትዝ ሲላቸው ሊፍቱ አምስተኛ ፎቅን አልፏል።

ምድር ቤት ሲደርሱ አሥር ደቂቃ አልፎ ነበር። ኃላፊዋ ወረቀቷን ሰብስባለች።

«የዘገየ ሰው በቃል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠየቀው» አለች እያዘነች። «ከሳቱት በቃ ነው ጋሼ።» ከካርቶን ውስጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጣችና አነበበች። «ሼር ሆልደር።»

የባለቤታቸው ፊት በራ፤ ይህቺን እሷም ታውቃታለች። ጋሽ ሊፍቴም ያውቋታል። ባለአክሲዮን ነው፣ አራት ቀን ሙሉ ብለውታል። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ደረጃው በእግር ኮቴ ተንጓጓ። ባለአክሲዮኖቹ ላብ በላብ ሆነው፣ እርስ በርስ እየተገፈታተሩ ደረሱ። «የት አለ ይኼ ሽማግሌ? ዛሬውኑ ይባረር!» ይላል የፊተኛው። የኋለኛው «በጡረታውም አይለፍለት!» ይላል።

«ሸረኛ» አሉ ጋሽ ሊፍቴ።

ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ ነው የሰሙት። ባለቤታቸው ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸውም እጀታ በለመደ እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

ኃላፊዋ የመልሱን ወረቀት አየች። ቀና ብላ ደረጃው ላይ የሚጮኹትን አየች። ጠረጴዛዋ ላይ ስልኳ ጠራ፤ ከአምስት እርምጃ ርቀት ከነሱ አንዱ እየደወለ ነበር። ሳታነሣው ገልብጣ አስቀመጠችውና እስክሪብቶዋን ያዘች።

«ልክ ነው ጋሼ» አለች እየጻፈች። «አልፈዋል።»