አባቷን የመታው ሰው

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ!» አለች አክስቷ፣ ልጅቷ በጓዳው በር ሹልክ ብላ ስትገባ ክንዷን ለቀም አድርጋ። የልጅቷ ጣቶች መገጣጠሚያቸው ላይ ተልጠው ደም አዝለዋል።

«ወደቅሁ።»

«በቡጢሽ ነው የወደቅሽው?» አክስቷ ወደ ሳሎኑ ገልመጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባትሽ ከተቀበረ ሳምንት አልሞላውም። ሰው ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል፣ አንቺ ካራቴ! ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል።»

ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። አባቷ ይሠራበት የነበረው የአውቶቡስ ዴፖ መካኒኮች የሻይ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል።

«እንደሱ ያለ ትሑት ሰው ከየት ይገኛል» አለ አንዱ።

«ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር እኮ» አለ ሌላው።

ልጅቷ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ጥርሷን ነከሰች። ድምፁ አይሰማም? አባቷ ማታ ሲመጣ ከእሱ ቀድሞ ሳቁ ነበር ቤት የሚገባው። ፊቱን ታጥቦ ሳይጨርስ የሾፌሮቹን አነጋገር እያስመሰለ እናቷን በሳቅ ያፈርሳታል። ሲዘፍን ደግሞ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። እነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት አብረውት ሠርተው ይህን ሰው አያውቁትም። ጠዋት ሳቁን ዴፖው በር ላይ ትቶት ይገባና ማታ ሲወጣ ይዞት ይመጣ ነበር መሰለኝ፣ ብላ አሰበች። ይህም አናደዳት።

አባቷ ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቀችና ወደ ዴፖው ሄደች። እናቷ የዚያው የሠራተኞች ክበብ ምግብ አብሳይ ናት፤ ሦስቱ አብረው ምሳ ሊበሉ ነበር። ግቢው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ አንድ አውቶቡስ ለምን እስካሁን ቆመ ብሎ ይጮሃል። አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ዕቃው አልመጣም» አለ። የሥራ አስኪያጁ ጥፊ ያረፈበት ያኔ ነው። ኮፍያው ተስፈንጥሮ ዘይት ላይ ወደቀ። አባቷ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አራገፈው፣ መልሶ አደረገው። ቀና ሲል በሩ ላይ የቆመችውን ልጁን አየ።

ማታ አልዘፈነም። ወደምታጠናበት ጠረጴዛ መጥቶ ቆመ።

«ዛሬ ምንም አላየሽም አይደል፣ የኔ ልጅ?»

«አይቻለሁ።»

«እስቲ አላየሁም በይኝ።»

«አይቻለሁ አባዬ! ለምን አልመታኸውም?»

ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ግድግዳ አልደበደበም። ወር ሳይሞላ አባቷ እንደተኛ በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። አጎቷ ቀኑ ደርሶ ነው አለ። እሷ ግን ገዳዩን በዓይኗ አይታዋለች፤ ክራቫት ያስራል።

በቀብሩ ማግስት ነው ከወጣት ማዕከሉ ጀርባ ወዳለው ካራቴ ቤት የሄደችው። አሠልጣኟ ጠዋት ጠዋት ሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ ሴት ናት።

«መምታት አስተምሪኝ» አለቻት ልጅቷ።

«ማንን ልትመቺ?»

«አንድ ሰውዬ።»

«ትልቅ ሰው ነው?»

«ትልቅነቱስ ትልቅ ነው፤ ሰውነቱን እንጃ።»

አሠልጣኟ አልሳቀችም። አቋቋም አሳየቻት፤ እግር ከፈት፣ ጉልበት ሰበር፣ ዓይን ፊት ለፊት። ከዚያ ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት። ልጅቷ ተንገዳግዳ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። በማግስቱም ያው መቆም፣ ያው መገፋት ሆነ።

ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀ። «መቼ ነው የምመታው?»

«መጀመሪያ ቁሚ። ስትናደጂ ወደ ፊት ትወድቂያለሽ፣ ስትፈሪ ወደ ኋላ።»

«ለመቆም ለመቆምማ አባቴም ቆሞ ነበር!» ብላ ጮኸችና አሸዋ የተሞላውን ከረጢት ቆዳዋ እስኪላጥ ደበደበችው። አሠልጣኟ አላስቆመቻትም። ሲደክማት ጣቶቿን ልታጥብላት ጎንበስ ስትል፣ በውሰት ከሰጠቻት ነጭ ልብስ ሥር ጥቁር ቀሚስ አየች።

«መቼ ነው ያረፈው?»

«በቀደም።»

«ነገም ነይ» ብቻ አለቻት።

አጎቷ ከደጅ ተጣድፎ ሲገባ ልጅቷ ከሐሳቧ ባነነች። «መጣ፣ ሥራ አስኪያጁ መጣ!» ወደ እናቷ ጆሮ አጎነበሰ። «እጁን ጨብጠሽ አመስግኚው እሺ? እንጀራሽ በእሱ እጅ ነው።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ሰሞኑን ለመጣው ሁሉ ራሷን ስትነቀንቅ ነው የሰነበተችው።

ሥራ አስኪያጁ ሲገባ መካኒኮቹ ብድግ አሉ። በእጁ ተቀመጡ አላቸው፤ ቤቱ የእሱ ይመስል። «እኔ እንኳ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው» አለ። «እንደሱ ታዛዥ ሠራተኛ አልነበረንም።»

ልጅቷ ተነሥታ በእሱና በእናቷ መካከል ቆመች። እጇ ሳታዘው ተጨብጧል።

«ዞር በይ እንጂ ልጄ» አለ አጎቷ።

አልተንቀሳቀሰችም። «ወንድምህን በጥፊ ትመታለህ?» አለችው።

«አንተ» ማለቷን ስትሰማ አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች። አንድ መካኒክ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ሐዘኑ ነው፣ ልጅ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ለሰዉ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«አይቻለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር።»

ደረቱ ከቡጢዋ አንድ ክንድ አይርቅም። ልትመታው ትችላለች፤ እሱም ይህን ያወቀ መሰለ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ልጅቷ ወደ ፊት አልሄደችም። ከቆመችበትም አልለቀቀችም።

በጎኗ ዞሮ ለእናቷ እጁን ዘረጋ። «አይዞሽ፣ ያጽናሽ። ለሥራሽ አታስቢ፣ ቦታሽ እንዳለ ነው።»

አጎቷ በዓይኑ ለመናት። እናቷ የተዘረጋውን እጅ አየችው፤ መዳፉን፣ ጣቶቹን፣ ቀለበቱን።

«እኔም በክበቡ መስኮት አይቼዎታለሁ» አለች።

ልጅቷ ዞር አለች። እናቷ ይህን አንድም ቀን ነግራት አታውቅም።

እናቷ የሁለት እጆቿን ጣቶች አቆላለፈችና፣ ሻሏን ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ፣ ከሥሩ ሸሸገቻቸው።