ቅርንፉድ የተጠቀለለበት መጽሐፍ

ባህረዲንን ለራሴ ነበር ያሰብኩት። ጠይባ ጨዋ ናት፣ ጠይባ ታጋሽ ናት የሚለኝ ሰው ሁሉ እንዳይደክም ይህን አስቀድሜ ልናገር።

በደርግ ጊዜ ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ እኔና እሷ ጎን ለጎን ቅመም እንሸጥ ነበር። እኔ ባሌን ፈትቼ፣ እሷ ባሏ ሞቶባት። ቀኑን ስንሰዳደብ እንውልና ማታ ጆንያችንን ተጋግዘን እናስራለን። እኩል ነበርን። ባህረዲን ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ለሻዩ ቅርንፉድ የሚገዛው ከእኔ ነበር። ያውም ሁልጊዜ እየመረቅሁለት።

ከዚያ ያ መጽሐፍ መጣ። ያኔ ቅመም የምንጠቀልለው ጋሽ ካሳ በኪሎ በሚሸጡልን አሮጌ ወረቀት ነው። ለእኔ የስብሰባ ወረቀት ደረሰኝ፤ ለጠይባ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ። ሰው ራሱን እንዴት እንደሚገዛ፣ ንዴቱን እንዴት እንደሚያበርድ የሚመክር ነው። አንድ ቀን የእኔ ቅርንፉድ አልቆ ባህረዲን ከእሷ ገዛና ወረቀቱን እዚያው ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። በማግስቱም መጣ፣ ወደ እሷ። በሳልስቱም። አንድ ሰው ስንት ሻይ ይጠጣል?

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እርር ድብን እል ነበር። የባሰው ደግሞ ጠይባ መለወጧ ነው። ስሰድባት አትመልስም። አብዮት ጥበቃው እንደለመደው በርበሬ በነጻ ሊዘግን ሲመጣ ድሮ ሁለታችንም እንሽቆጠቆጥለት ነበር። አሁን ድምጿን ሳታነሳ፣ "ወንድሜ፣ ከፍለህ ውሰድ" አለችው። ከፈለ! ከእኔ ግን በነጻ ዘግኖ ሄደ።

ነገሩ ሁሉ ከወረቀቱ ነው አልኩ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ማንበብ ከማትችል ሴት ይልቅ የምታነብ ሴት አትሻለውም? ወደ ጋሽ ካሳ ሄድኩ።

"ጋሽ ካሳ፣ የዚያ መጽሐፍ ቀሪው አለ?"

"አለ። ግን ጠይባ አስቀምጥልኝ ብላለች።"

"እጥፍ እከፍልዎታለሁ።"

"ምን ዓይነት ቅመም ልትጠቀልዪበት ነው?" አሉና ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠይባ በጋዜጣ ስትጠቀልል እኔ አዲሱን ሻሼን አስሬ፣ ኩሌን ተኩዬ ጠበቅሁ። "ባህረዲን! ቀጣዩ እኔ ጋ ነው!" ስለው ፊቱ በራ። መጣ፤ ቅርንፉድም ከእኔ ገዛ። በርጩማ አዘጋጅቼለት ነበር።

"አረፍ በልና እዚሁ እናንብበው፤ እኔም እኮ አነባለሁ" አልኩት።

"አንቺማ ጎበዝ ነሽ፣ የሚያነብልሽ አያስፈልግሽም" አለና ቅርንፉዱን ኪሱ ውስጥ ገልብጦ፣ ወረቀቱን በመዳፉ አስተካክሎ፣ ጠይባ አጠገብ ሄዶ ቁጢጥ አለ። በእኔ ወረቀት!

በነጋታው መጽሐፉን ከጆንያዬ ሥር ደበቅሁና "አለቀ" አልኩት። "ግድ የለም" ብሎ፣ ቅርንፉድም ሳይገዛ እሷው ጋ ተቀመጠ። እጁ ባዶ ነው። ያለ ወረቀትም ወሬ አላጡም።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ተራው ሁሉ እስኪሰማ ሰደብኳት፤ እሷን፣ እናቷን፣ የሞተ ባሏን ሳይቀር። ድሮ ቢሆን ሚዛኑን ትወረውርብኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሲሞላ አየሁ፤ እጇ ግን ኮረሪማ መልቀሙን አልተወም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ከተቀመጠችበት ጆንያ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ሐጀራዬ፣ ነይ አረፍ በይ፤ ደክሞሻል።"

ባህረዲን ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። እሷን ነበር የሚያየው፤ አፉን ከፍቶ፣ ዛሬ ገና ያገኛት ይመስል። ያን ሁሉ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ ሲያነብላት እንደዚያ አድርጎ ሲያያት አይቼ አላውቅም።