አቧራ እንዳይገባበት

ኮምፒውተሩ የሞተው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሰዓት ሠሪው በፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። መጀመሪያ የራሱን ዕቃ አንሥቶ አሸተተ። ቀጥሎ፣ ሁለት ወር ሙሉ ቀንም ሌትም ከኋለኛው ክፍል ሲመጣ የኖረው ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ መቋረጡን ልብ አለ። አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወጣ ተነሥቶ ሮጠ።

ሚስቱ ቀድማው ደርሳለች። ጥልፏን በእጇ እንደያዘች ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳጥን ታያለች።

«ዝም አለ» አለችው።

«ቆይ እስቲ።»

«እኔ እንደሆነ አልነካሁትም።»

«ማን ነካሽው አለሽ?»

ተንበርክኮ ማብሪያውን ተጫነ። ምንም። ለቀቀና ደግሞ ተጫነ። የራስጌ መብራቱን አምጥቶ በዚያው ሶኬት ላይ ሰካው፤ ቦግ ብሎ በራ። ገመዱን በሌላ ገመድ ለወጠ። ሳጥኑ እንደሆነ ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ከኋላው ቆማ አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ይሻለው ነበር።

ልጃቸው በዚህ ሳጥን ነበር የምታወራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሞች በጉሮሮዋ የወጣባትን ክፉ በሽታ ሲያስወግዱ ድምፅዋንም አብረው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧን በትልልቅ ፊደል ትጽፋለች፤ አባትየው ጮክ ብሎ ያነባል፤ እናትየው ትሰማና በአፏ ትመልሳለች። እናትየው ማንበብ አትችልም። እጇ ግን ያየውን አይስትም። ሰው በወረቀት ሥሎ የሰጣትን ስም ሁሉ በትራስ ልብስና በመሐረብ ላይ ቁጭ ታደርገዋለች፤ ለእሷ ፊደልም አበባም ያው መስመር ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል የልጇን ወሬ በባሏ ወፍራም ድምፅ መስማት ለምዳ፣ ድምፁ የማን እንደሆነ እስኪጠፋት ደረሰች። ልጅቷ ነገረኛ ናት። «እማዬ፣ ዛሬም ጨው አልጣልሽበትም» ብላ ትጽፋለች፤ እሱ ያነባል፤ እናትየው ተንደርድራ የሱን ትከሻ ጥፊ ታቀምሰዋለች።

«እኔን ለምን ትመቺኛለሽ? እኔ አንባቢ ነኝ።»

«አነባበብህ ነው ያናደደኝ።»

ወሬው ሲያልቅ ልጅቷ ገጹን ትደመስሰውና በባዶው ላይ አዲስ ትጀምራለች። የሰው ጽሑፍ በክፍያ ስትጽፍ በየደቂቃው ሴቭ የምታደርገው ልጅ የቤቱን ወሬ አንድ ቀን አስቀምጣው አታውቅም። «ወሬ ከተቀመጠ ይሻግታል» ብላ ጽፋላቸው ስቀዋል።

ልጅቷ በሞተች ዕለት፣ የዛሬ ሁለት ወር፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ እናትየው ከኋለኛው ክፍል ተጣራች። «ና አንብብልኝ፤ ዛሬ ብዙ ጽፋለች።» ሰዓት ሠሪው በወረንጦው ጫፍ ከጸጉር የቀጠነች ስፕሪንግ ይዟል። ያቺ ከወደቀች የግማሽ ቀን ልፋቱ ከንቱ ነው። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» አለ። ስፕሪንጓን አስቀመጠ፤ ክዳኑን ገጠመ፤ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠና ተነሣ። ሲገባ የልጅቷ ራስ ወደ ግራ ትከሻዋ ዘንበል ብሏል። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ክር ትመርጥ ነበር። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። ቀድሞ የደረሰ ሰው ያተርፋት እንደነበር ሰዓት ሠሪው አልጠየቀም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀም።

ገጹ እንደተከፈተ ቀረ። ልጅቷ በሕይወት ሳለች፣ ሴቭ ያልተደረገ ነገር ኮምፒውተሩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል ብላ አስጠንቅቃቸው ስለነበር ማብሪያውን የሚነካ አልተገኘም። መብራት ሲሄድም ጠረጴዛው ሥር ያስቀመጠችው ባትሪ ያሻግረዋል። ሚስቱ ገና ከቀብር በተመለሱ ማግስት፣ «አንብብልኝ» አለችው። «ነገ» አላት። ነገም ነገ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ የመጀመሪያዋን ቃል አየ፤ «አባዬ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ አልታዘዝ አለው። አመመኝ፣ ድረስልኝ የሚል ቢሆንስ? ያን ጮክ ብሎ በገዛ አፉ ለእናቷ ሊያነብላት ነው? የሚስቱ የእህት ልጅ ላንብብልሽ ስትላት ደግሞ ሚስቱ፣ «ልጄን በሌላ ሰው አፍ አልሰማትም» ብላ መለሰቻት።

በሦስተኛው ቀን ስክሪኑን በነጭ ጨርቅ ሸፈነው። «አቧራ እንዳይገባበት ነው» አላት። ውሸትም እውነትም ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዓት የሠራ ሰው ከአቧራ የሚብስ ጠላት አያውቅም። ሳጥኑንም አልተወውም። ዙሪያውን በላስቲክ ጠቀለለው፤ ቀዳዳውን ሁሉ እየፈለገ በፕላስተር ደፈነው። እጁ ከሥራ ጋር ሲሆን ነፍሱ ትንሽ ትረጋለታለች፤ ስለዚህ አሳምሮ ሠራው። አየር የሚያስገባ ስንጥቅ አልቀረም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ገበያ እንደወጣች፣ ሽቦ የሚሉት ሰው ተጠርቶ መጣ። ሽቦ ልጅቷ ትሠራበት በነበረው ጽሕፈት ቤት የማሽን ጠጋኝ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ቅጥነቱ ግን ስሙን አላሳፈረም። ተንበርክኮ ሳጥኑን ሲያይ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የጠቀለለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ ብርድ እንዳይመታው ነው?»

«አቧራ እንዳይገባበት።»

ሽቦ መሳቅ ጀምሮ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ላስቲኩን በምላጭ ቀደደ። ከውስጥ ትኩስ፣ የቆመጠጠ አየር ወጣ።

«ይሄ ሰዓት አይደለም፣ ጋሼ። በዚህ በኩል አየር ይስባል፣ በዚያ በኩል ሙቀቱን ያወጣል። አፍንጫውን ነው የደፈኑበት። እንዲያውም እስከ ዛሬ መቆየቱ።»

ሰዓት ሠሪው አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቆመ።

ሽቦ ይዞት የመጣውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ አስሮ ሞከረ፤ ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ሜሞሪውን አውጥቶ ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ፈገፈገና መለሰው፤ ያው ነው። አንድ በአንድ እየነቀለ፣ የቀረውን እያበራ፣ በመጨረሻ ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ብቻውን ቀረ። «ይዩት፣ እነዚህ ትንንሾቹ በርሜሎች አናታቸው አብጧል።» ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን አጠለቀ። እውነትም አብጠው፣ አንዱ ፈንድቶ ቡናማ ነገር አፍስሷል።

«ልለውጣቸው። ብየዳ እችላለሁ እኮ።»

«ቢለውጧቸውም ሥሩ ተቃጥሏል። ይሄ ሄዷል።»

«ገጹስ?»

«የቱ ገጽ?»

ነገረው። ሽቦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማው፤ እጁ ከጠራ በኋላም መጥረጉን አላቆመም።

«ሴቭ አድርጋው ነበር?»

«ወሬ ነው። ወሬ አታስቀምጥም።»

«በሉ እንግዲህ፣ ሌላ ማሽን እንገጣጥምና ዲስኳን እዚያ ላይ አስረን እንያት። ፕሮግራሙ ራሱ በጎን የሚያስቀምጠው ነገር አንዳንዴ አይጠፋም። ተስፋ ግን አልሰጥዎትም።»

ተስፋ አልሰጥም ያለው ሰው ሁለት ቀን ሲመላለስ ዋለ። ከጽሕፈት ቤቱ የተጣለ ሳጥን አመጣ፤ ከሌላ አሮጌ ማሽን ማዘርቦርድ ፈታ። ጥቃቅኑን ሥራ ለሰዓት ሠሪው ተወለት። ሽማግሌው ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አንዲት እግር ሳያጣምም ቦታው ላይ አሳረፈው፤ ሙቀት አስተላላፊውን ቅባት የስንዴ ቅንጣት አሳክሎ ጠብ አደረገበት። ሽቦ አፉን ከፍቶ አየው።

«ጋሼ፣ ቀደም ብለው ቢጀምሩ እኔ እስከ ዛሬ እንጀራ አልበላም ነበር።»

ማራገቢያ ሲያስሩ ሰዓት ሠሪው አንድ አይበቃም አለ። ሁለትም አይበቃም አለ። ሦስት አሰረ። የጎኑን ክዳን ደግሞ አልገጥምም ብሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተወው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራ። የልጅቷ ዲስክ ያለ ችግር ተነበበ። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰው ውል፤ ሁሉም በየስሙ፣ በየቀኑ፣ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ሽቦ የተሰወሩትን ፋይሎች ሳይቀር አንድ ሰዓት ያህል ፈተሸ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«የለም፣ ጋሼ።»

«ደግመህ እየው።»

«ሦስቴ አየሁት። ለእትዬ እኔ ልንገራቸው?»

«ተወው። ለኔ ተወው።»

ሽቦ ሲሄድ የሰዓት ሠሪው ሚስት ገና ከጎረቤት አልተመለሰችም። ሰዓት ሠሪው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ እንደምታደርገው ባዶ ገጽ ከፈተ፤ ፊደሉን አተለቀ፤ በአንድ ጣቱ ኪቦርዱን እየለቀመ «አባዬ» ብሎ ጀመረ፤ የሚያውቃት ያቺን ብቻ ነውና። ሰባት መስመር ለመሙላት ላብ አጠመቀው። ስምንተኛውን ሊጀምር ሲል በሩ ተከፈተ።

«ተገኘ?» አለች ሚስቱ።

«ተገኘ። ነይ ተቀመጪ፣ ላንብብልሽ።»

በርጩማዋን ስባ እንደ ድሮው ከጎኑ ተቀመጠች። አነበበላት። «አባዬ፣ እማዬን ጥራልኝ። ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ ምንም አላመመኝም። አጠገቤ ስለሆናችሁ ደስ ብሎኛል። እማዬ፣ ጨውሽ ዛሬ ልክ ነው።» እንዲህ እያለ እስከ ታች ወረደ። ጨው ያለበት ቦታ ሲደርስ ትከሻውን አልመታችውም።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ከክር ሣጥኗ ያወጣችው መሐረብ የሚያህል ነጭ ጨርቅ በእጇ ነበር። ስክሪኑ አጠገብ ዘረጋችው። በጥቁር ክር የተጠለፈ አንድ ቃል አለበት፤ የፊደሎቹ ውፍረት ሳይቀር ልጅቷ ስክሪኑ ላይ እንደምትጽፈው ነው። ሚስቱ ጨርቁን እያየች ጣቷን በስክሪኑ ላይ ከመስመር መስመር አወረደች። ግርጌው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«የታለች?»

«ምኗ?»

«ይቺ። ከታች ለብቻዋ ነበረች። ብቻዋን ስለሆነች ለዓይን ትቀላለች ብዬ ጥልፉን ከሥር ጀመርኩ። እሷን ጨርሼ ወደ ላይ ልቀጥል ስል አንተ ሸፈንከው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንድ ቀን ታነብልኛለህ፣ ያን ጊዜ አስተያያታለሁ ብዬ ነዋ።»

ሰዓት ሠሪው ጨርቁን አየ። አራት ፊደል ናት።

«መቼ ነው የጻፈቻት?» አለ።

«አንተ ከወዲያ ሆነህ 'ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ' አልክ አይደል? ሰማችህ። ፈገግ አለችና ይቺን መታች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። እኔም ደህና ናት ብዬ ወደ ክሬ ዞርኩ።» ጨርቁን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ምን ይላል? እንዳትዋሸኝ።»

ሁለት ወር የሸሸውን የልጁን ጽሕፈት አነበበ።

«'ይጨርስ' ይላል።»

«ማን?»

«እኔ።»

ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

በደንብ ነበር የጨረሰው። የሰዓቱ ባለቤት ከቀብሩ በሳምንቱ መጥቶ ሲወስደው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይስትም ብሎ አመስግኖታል።

ሚስቱ ጨርቁን በአራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «በል አጥፋው» አለችው። ማውሱን ይዞ፣ ልጅቷ እንዳስተማረችው፣ ገጹን ሊዘጋ ተጫነ። ስክሪኑ መሐል ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች።

«ምን ይላል ደግሞ?»

«ይሄን የጻፍኩትን ላስቀምጠው ወይስ ልተወው ነው የሚለው።»

«እንዲህ ይጠይቃል እንዴ?»

«ይጠይቃል።»

«ያኛውን ታዲያ ለምን ሳይጠይቀን ወሰደው?»

ክዳን ከሌለው ሳጥን ሦስቱ ማራገቢያዎች እግሩ ላይ ይነፍሳሉ። ሰዓት ሠሪው እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ።

«አፍኜው ነበር» አላት።