የገሠሠ ጥንዚዛ

ጽናት ነገሩን ያወጣችው ገሠሠ አንድ እግሩን ከመኪናው አውርዶ ሌላውን ገና ሳያወርድ ነበር።

“ጋሽ ገሠሠ፣ ሳልነግርዎ ብውል ደስ አይለኝም። ዛሬ የምንፈልገው ነገር ከተገኘ ስምዎ ሊነሳ ይችላል።”

“ስሜ ከየት ነው የሚነሳው?”

“ከጥንዚዛው።”

ገሠሠ ሁለተኛውን እግሩን አወረደ፤ የሱፍ ባናውን ትከሻው ላይ አስተካከለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ከመሐል ሜዳ ከተማ እስከ ጓሳው ሣር ምድር ድረስ ስለ ገብሱና ስለ ዘንድሮው ውርጭ ሲያወጋት የመጣ ሰው አሁን የመጣበትን መንገድ ዞሮ አየ። ሾፌሩ መኳንንት ግን ወሬው ስለጣመው ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

የጥንዚዛው ነገር እንዲህ ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ገሠሠ የጓሳው ሣር ጠባቂ ሳለ፣ አንድ ነጭ ፕሮፌሰር መጥቶ ክረምቱን ሙሉ ድንጋይ ሲያስገለብጠው ከረመ። ሰውዬው የሚፈልገው ከገብስ ፍሬ የማይበልጥ፣ ክንፉ አጥሮ ወገቡ የተራቆተ፣ ሲነኩት ጭራውን እንደ ጊንጥ የሚያቆም ጥቁር ጥንዚዛ ነበር። መንዝ ውስጥ ለዚህ ፍጥረት የተለየ ስም ያወጣለት ሰው የለም፤ ጉዳዬ ያለውም የለም። ፕሮፌሰሩ አገሩ ገብቶ ሲመረምረው እስካሁን ያልታወቀ ዘር መሰለው። ስሙንም በላቲን አስማምቶ በገሠሠ ሰየመውና ትልቅ ፎቶግራፍ አሳትሞ ላከለት።

ገሠሠ ፎቶግራፉን በመስታወት አስገብቶ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ጎን ሰቀለው። ሚስቱ ጥሩሸዋ “ተው፣ ከመድኃኔዓለም ጎን ጥንዚዛ አይሰቀልም” ብላ ብትሟገት አልሰማትም። ሲጨቃጨቁ ሰንብተው አንድ ክንድ ያህል ወደ በሩ አሸሸላት።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ሰው ስም አስጠሪ ልጁን ሲያነሳ ገሠሠ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ፎቶግራፉ ከመጣ ወዲህ ቀና አለ። “የኔ ስም አስጠሪ ባሕር ማዶ መጻሕፍት ቤት ነው ያለው” ይላል። ጎረቤት ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ ልቡ ግን አይስቅም። እውነቱን ነበር የሚናገረው። ፎቶግራፉ የተሰቀለ ዕለት ጥሩሸዋ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆይታ፣ “አንተስ አገኘህ። የኔን ስም ደግሞ ማን ይጠራው ይሆን?” ብላ ነበር። ገሠሠ ቀልድ መሰለውና ሳቅ ብሎ የተዋሰውን መዶሻ ሊመልስ ወጣ።

“ማን ነው የቀደመኝ?” አለ አሁን። የመንዝ ሰው ነውና ክርክር ከየት እንደሚጀመር ያውቃል።

ጽናት ከአዲስ አበባ የመጣች የነፍሳት ተመራማሪ ናት። ሥራዋ እነዚህን ክንፈ አጭር ጥንዚዛዎች አንድ በአንድ እንደገና መርምሮ ማን ከማን እንደሚለይ፣ የትኛው ስም ጸንቶ የትኛው እንደሚነሳ መወሰን ነው። ሰው ማስከፋት የሥራዋ ክፍል ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

“አንድ ጣልያን ነው” አለችው። “በወረራው ጊዜ ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚያ ማዶ ጉብታው ላይ ሁለት ጥንዚዛ ሰብስቦ ወሰደ። ስሙንም በአዛዡ በኮሎኔሉ ሰየመው።”

“ኮሎኔሉ ጥንዚዛውን አይቶታል?”

“አይመስለኝም።”

“እሺ።”

“አንድ ዘር ሁለት ጊዜ ተሰይሞ ከተገኘ መጀመሪያ የወጣው ስም ነው የሚጸናው። የሁላችንም ሕግ ነው፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም።”

“እንደ አቅኚ አባት በይኛ” አለ ገሠሠ። “መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዘር ነው ባለርስት የሚሆነው። አባቴ በዚህ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ተሟግቶበታል።” ጥቂት አሰበ። “ግን ልጄ፣ በጦር የመጣ ሰው አቅኚ ይባላል?”

“ሕጉ እንዴት እንደመጣ አይጠይቅም። መቼ እንደጻፈው ብቻ ነው የሚጠይቀው።”

“ክፉ ሕግ ነው።”

“ያለሱ ግን እያንዳንዱ እየተነሳ የወደደውን ስም ይሰጥ ነበር።”

ገሠሠ ራሱም በጥበቃው ዘመን ሣሩ ተዘግቶ ሳለ ሲያጭድ የያዘውን የገዛ አማቹን፣ የጥሩሸዋን ወንድም፣ ሰዉ ሁሉ እየተነሳ ካጨደማ ምን ይቀራል ብሎ አስቀጥቶታል። አማቹ ከዚያ ወዲህ ፋሲካን አብሮት አልፈሰከም።

“ተስፋ የለም ማለት ግን አይደለም” አለች ጽናት ፊቱን አይታ። “ጣልያኑ የወሰዳቸው ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ከዘር ዘር አይለዩም። የሚለዩት ወንዶቹ ናቸው። ከጉብታው ላይ ወንድ ካገኘንና ከእርስዎ ጥንዚዛ የተለየ ከሆነ ስምዎ ባለበት ይቀመጣል።”

“ወንዶቹ በምናቸው ነው የሚለዩት?”

ጽናት ወደ ጉብታው ዞረች። “በብልታቸው” አለች።

መኳንንት መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ገሠሠም ባይመቸው እንኳ ፈገግ አለ። “ሴቶቹ አንድ ናቸው፣ የሚለያዩት ወንዶቹ? ይህን ለጥሩሸዋ እንዳትነግሪብኝ” አለና መንገዱን ጀመረው።

ጉብታው ድረስ ያለው መንገድ ሩቅ አልነበረም፤ ግን እየፈለጉ ስለሆነ ረፋዱን ፈጀባቸው። መሃል ላይ አንድ ትልቅ የጅባራ ተክል ደርቆ ወድቆ አገኙ። ገሠሠ የበሰበሰውን ቅጠል ገለጥ ቢያደርገው ከሥሩ አንዲት ቀላ ያለች፣ ዓይኗ እምብዛም የማይታይ ጥንዚዛ ወጣች። እሱ የምትፈለገዋ እንዳልሆነች ስላወቀ ሊተዋት ነበር። ጽናት ግን ቶሎ ብላ በብልቃጥ ያዘቻት፤ በአጉሊ መነጽሯ እያገላበጠች አየቻትና ምንም ሳትል ኪሷ ከተተቻት።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ተለያዩ፤ እሷ በነፋሱ በኩል፣ እሱ በማዶው። ጣልያን ድንኳኑን የተከለበት ድርድር ድንጋይ እስካሁን አለ። ገሠሠ በልጅነቱ አባቱ እያሳየው፣ “ያገር ሰው እየመጣ እጅ ሲነሳ የዋለው እዚህ ነው” ብሎታል። አባቱ ግን ለጣልያኑ አልገባም፤ ቤቱንና ክምሩን አቃጠሉበት፤ ዋሻ ገብቶ ከረመ። ያ ታሪክ ዛሬ ከጥንዚዛ ጋር ይገናኛል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው?

የመጀመሪያው ድንጋይ ሥር የምድር ትል ብቻ ነበር። ሁለተኛውም ባዶ። ባዶ ድንጋይ በገለበጠ ቁጥር ገሠሠ ደስ እያለው መጣ፤ ደስ ማለቱም እያሳፈረው መጣ። ከድርድሩ ጥግ ያለውን ሰፊውን ድንጋይ ሲያነሳ ግን እዚያው ነበር፤ ጥቁር፣ የገብስ ፍሬ የሚያህል። ጭራውን ቀጥ አድርጎ አቆመበት።

ገሠሠ ድንጋዩን መለሰና ተቀመጠበት።

ጽናት ጀርባዋን ሰጥታ በሩቁ ጎንበስ ብላለች። አላየችም። ነገ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን መሄዷ ነው፤ ወንድ ካልተገኘ ነገሩ ሳይወሰን ያድራል፤ ምናልባት እሱ እስኪሞት ሳይወሰን ይኖራል። ማንንም አልዋሸ፤ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ውሸት አይደለም። ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ቆረጠመ። አልጣመውም። አማቹ ትዝ አለው፤ ያኔ ማጭዱን ጥሎ “ለኔ እንኳ ዓይንህን ብትጨፍን ምን አለበት?” ብሎ ሲለምነው። ዓይኑን አልጨፈነም ነበር።

ተነስቶ ድንጋዩን ዳግመኛ አነሳው። ጥንዚዛው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

“አንተ ደግሞ፣ ሸሽተህ ቢሆን ምን አለበት?” አለው። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ዶክተር! ነይ፣ ተገኘ!” ሲል ጽናትን ጠራ።

ጥንዚዛውን ይዘው ወደ መኪናው ተመለሱ። ጽናት ትንሿን ማይክሮስኮፕ የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠች። መኳንንት ነፋሱን በብርድ ልብስ ከለለላት። በመርፌ ጫፍ የምትሠራው ሥራ ጊዜ ወሰደ፤ ገሠሠም ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆቡን አውልቆ ቆመ። ቀና ብላ መርፌውን ስታስቀምጥ ዓይኗን ከእሱ አሸሸች፤ ያኔ ገባው።

“ወንድ ነው” አለች። “ከእርስዎ ጥንዚዛ ጋር አንድ ናቸው። ይቅርታ፣ ጋሽ ገሠሠ።”

“ይቅርታ አያስፈልግም። ያገኘሁት እኔ ነኝ።” ቆቡን መልሶ አጠለቀ። “እንግዲህ ስሜ ይሰረዛል?”

“አይሰረዝም። መጽሐፉ ውስጥ ከኮሎኔሉ ስም ሥር ይጻፋል።”

“ከሥሩ?”

“ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ሰው እንዲያውቀው...”

“አባቴ ቤቱ ሲቃጠል እንኳ አልገባለትም ነበር” አለ ገሠሠ። “እኔን አስገባሽኝ።”

ጽናት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ያህል ያመዋል ብላ አልገመተችም፤ እሱም ራሱ አልገመተም። ልጅ እንደቀበረ ሰው የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። መኳንንት ውኃ ሰጠው። ማዶ ጭላዳ ዝንጀሮዎች እየተንጫጩ ወደ ገደላቸው መውረድ ጀምረው ነበር፤ ጉሙም ከታች ይመጣል።

ጽናት አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ያቺን ብልቃጥ ከኪሷ አወጣች።

“ቀዩዋን ያስታውሷታል? ይህችን የመሰለች በዚህ ሁሉ ዓመት አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ገብቼ በደንብ አጣራለሁ፤ ግን የማንም አትመስለኝም። አዲስ ዘር ከሆነች ስሟን የማወጣው እኔ ነኝ። በእርስዎ እሰይማታለሁ። ይህን ላደርግልዎ እችላለሁ።”

ገሠሠ ብልቃጡን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ጥንዚዛዋ እግሯን አጥፋ ተኝታለች። ስሜ እንዲህ በቶሎ ይመለስልኛል ብሎ አልጠበቀም፤ አዎ ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ መዶሻው ትዝ አለው። ያን ዕለት መዶሻውን ይዞ ሲወጣ ጥሩሸዋ ፎቶግራፉ ፊት ለፊት እንደቆመች ነበር፤ ሲመለስም እዚያው ነበረች። ጉድለቱ ከማን እንደሆነ መርምሮ የነገራቸው ሐኪም ሳይኖር፣ ልጅ ያልወለደችው እሷ ተብላ ነው የኖረችው። በውኃ ወረፋ ጠብ የተነሳ ጊዜ መካን ብለው የሰደቧት እሷን ነው። እሱ ጥንዚዛ ነበረው። ስም ማጣት እንዴት እንደሚያቃጥል እሱ ያወቀው ዛሬ፣ ለዚያውም ከቀትር በኋላ ነው፤ እሷ ግን አብራው በኖረችበት ዘመን ሁሉ ስታውቀው ኖራለች።

“በሴት ስም ይሆናል?” አለ።

“እንዴት አይሆንም?”

“እንግዲያ ጥሩሸዋ በያት።”

“የእርስዎስ?”

“እኔስ እስኪበቃኝ ተጠርቼበታለሁ።” ብልቃጡን መለሰላት። “ሥዕሉንም እንደዚያኛው ትልቅ አድርገሽ አሳትሚው። ምስማሩ እዚያው አለ።”

ጽናት ፈገግ ብላ ብልቃጡ ላይ የቀኑንና የቦታውን ወረቀት ለጠፈች። መኳንንት ጡሩምባውን ነካ አደረገ፤ ጉሙ መንገዱን ሳይሸፍነው መውረድ ነበረባቸው። ገሠሠ ግን አልተነሳም።

“ቆይ፣ እሷንስ አንድ ቀን የሚነቅላት ይመጣ ይሆን?”

“ሊመጣ ይችላል” አለች ጽናት። መዋሸት አልቻለችም። “በተለይ ይህችኛዋ ሴት ናት። ወንዱ አብሮ ቢገኝ ነበር ስሙ የሚጠነክረው። ለሱ ሌላ ጊዜ እንመጣለን።”

“ሌላ ጊዜ ማን ያውቃል?” ገሠሠ ባናውን አውልቆ መቀመጫው ላይ ጣለ። “መኳንንትን ትንሽ ታገስ በይው። ማንም ጣልያን የማይነቅለውን ስም ነው ይዤላት የምገባው።”

ወደ ወደቀው ጅባራ ሄደና ወንዱን ሊፈልግ ተንበርክኮ የበሰበሰውን ቅጠል አንድ በአንድ ይገልጥ ጀመር።