ማዶ ማንም የለኝም

በዋና ከተማችን በዳካ ኩላሊቱን የታመመ፣ ልጁን ሕንድ አገር ኮልካታ ሊያስተምር ያሰበ፣ እናቱን ለዓይን ሕክምና የሚወስድ ሁሉ የኛን በር ያንኳኳ ነበር። ባሌ ኒሩፖም ቻክላዳር ስልክ ይመታል፤ ያ ሰው ብዙም ሳይቆይ ቪዛውን አግኝቶ፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዞ ሊያመሰግን ይመጣል። ኒሩፖም የመሪያችን የውጭ ጉዳይ አማካሪ ነበር። ለሌላው ሲሆን እጁ ፈጣን ነው። በገዛ እህቱ ጉዳይ ግን ለቪዛ አንድም ቀን ስልኩን አንስቶ አያውቅም።

እህቱን ሁላችንም ዲዲ ነው የምንላት፣ ታላቅ እህት ለማለት። እናታቸው የሞተች ጊዜ እሱ ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከመንደራችን ወንዝ ማዶ፣ ሕንድ በኩል የተዳረችው ወሰኑ ሳይታጠር፣ ሰው ድስቱንና ፍየሉን ይዞ በጀልባ በሚሻገርበት ዘመን ነው። በኋላ ሕንዶች ሽቦውን ዘረጉት። የቤቷ ጣሪያ ከመንደራችን ማሳ ላይ ቆመው ሲያዩት ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ለመድረስ ግን ዳካ ድረስ ሄዶ ወረቀት መለመን ነው።

እኛ ሂንዱዎች የወንድም ቀን የምንለው አለን። እህት ከጠዋት ጀምሮ እህልም ውሃም ሳትቀምስ ትቆይና፣ የሰንደል እንጨት ዱቄትና ኩል በጤዛ ለውሳ፣ በግራ እጇ ትንሽ ጣት የወንድሟን ግንባር ትቀባለች። ሞት ወንድሟን እንዳያገኝ፣ በሞት በር ላይ እሾህ አኖርኩ ትላለች። እህል የምትቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው። በኛ በኩል በዚያ ቀን የሁለቱም አገር ጠባቂዎች ዘመድ ከዘመዱ በሽቦው ግራና ቀኝ ቆሞ እንዲገናኝ ይፈቅዱ ነበር። ኒሩፖም በተማሪነቱ በፖለቲካ ታስሮ ከወጣ ወዲህ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምርም፣ ኋላ በፓርቲው ውስጥ የጎረቤት አገሮችን ጉዳይ ሲይዝም ቀርቶ አያውቅም። ግንባሩን ሽቦው ላይ ያስጠጋል፤ ዲዲ ጣቷን ታሾልካለች። ዛሬም ፀጉርህን አታበጥርም ብላ ትቆጣዋለች። ሽቦው ግንባሩን ቧጭሮት ይመለሳል፤ ደስታው ግን እስከ ቤታችን ድረስ ይከተለን ነበር።

አማካሪ በሆነ በመጀመሪያው ዓመት ከሕዝቡ መሀል ፎቶ አንሺ ነበረ። በማግስቱ ጋዜጣው አማካሪያችንን በጎረቤት አገር አጥር ፊት አንገቱን ደፍቶ አወጣው። ዲዲ ሥዕሉ ላይ የለችም፤ ቆርጠዋታል። ከሥሩ «አማካሪው ለማን ነው የሚሰግደው?» የሚል ጽፈዋል። ተቃዋሚዎች ዓይናቸውን በጨው አጥበው ምክር ቤት ውስጥ ግንባራቸውን ጠረጴዛ ላይ እየደፉ ተሳለቁበት። ድሮም ሂንዱ ነውና ግማሽ ልቡ ማዶ ነው ሲሉት ኖረዋል። እዚያ አብሯቸው ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ራት አልበላም።

ከዚያ ወዲህ ወደ አጥሩ አልሄደም። ወንድሟ ሩቅ አገር ያለባት እህት በግንባሩ ፈንታ የቤቷን በር ትቀባለች፤ ይህም ወግ ነው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ ብሎ ደወለላት፤ እሺ አለችው። ዲዲ ለሱ ከእሺ ሌላ ቃል የላትም። ይባስ ብሎ ወሰኑ ላይ አንድ ገበሬያችን በሕንድ ጠባቂዎች ጥይት በሞተበት ዓመት፣ የአጥሩ መገናኛ ቀን ይቅር ብሎ መሪውን የመከረው እሱ ራሱ ነው። ሕንዶቹ ደግ ፊት ማሳያ አድርገውታል፣ ለምን በነጻ እንሰጣቸዋለን አለ። በሥራው መንገድ ትክክል ይሆናል። እኔ የማውቀው ሥራውን ሳይሆን ዲዲን ነው።

አምና ዲዲ ጉበቷን ታመመች። ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰዋታል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጇ ታፖሽ ደውሎ ከሷ ጋር አገናኘኝ። እኔን ዛሬም፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ፣ ሙሽራዬ ነው የምትለኝ።

«ሙሽራዬ፣ ሥራውን አላበላሽበትም» አለችኝ። «በሩን ስቀባ እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ግንባሩን ልንካው። ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ይመለስ።»

ያን ዕለት ከኒሩፖም ጋር ተጣላን። የወንዙ ውሃ ድርድር ላይ ነን አለ። ከነሱ አንድ ቪዛ ለራሴ ከለመንኩ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ የሚቀመጠው ሰው ጌታዬ ሆነ ማለት ነው አለ። ለሰፈሩ ሁሉ ስትለምንስ? ብዬ ጠየቅሁት። ለሰፈሩ ነዋ፣ ለራሴ አይደለም ብሎ ክርክሩን ዘጋው። ከሱ ጋር ሙግት ከዓለት ጋር መጋፋት ነው።

ለውሃው ድርድር የማዶው ልዑክ ዳካ የገባው በወንድም ቀን ዋዜማ ነበር። ምሽቱን በተደረገው ግብዣ ላይ ከባሌ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የልዑኩ መሪ ድምፁ ዝግ ያለ ሽማግሌ ነው። በሰናፍጭ የተሠራውን ዓሣ እሾህ በጥንቃቄ እየለቀመ፣ ድንገት ቀና ብሎ ባሌን አየው።

«አቶ ቻክላዳር፣ እህትዎ እኛ ዘንድ በጠና ታመዋል ሲሉ ሰማሁ» አለ። «ነገ ደግሞ ቀኑ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ የወሰኑን በር አስከፍትልዎታለሁ። ማንም ሳያውቅ ደርሰው ይመለሳሉ።»

ገበታው ዙሪያ ሚኒስትሮቹ አሉ፤ ጋዜጠኞቹ ከኋላችን ናቸው። ከጠረጴዛው ሥር የባሌን ጉልበት ጨመቅሁት። እሺ በል፣ እሺ በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። ኒሩፖም አፉን በጨርቁ ጠረገና ፈገግ አለ።

«ተሳስተው ነው የነገሩዎት» አለ። «እኔ ማዶ ማንም የለኝም።»

አንዱ ሚኒስትር ደስ ብሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሽማግሌው ወደ ዓሣው ተመለሰ። እኔ እጄን ከጉልበቱ ላይ አነሳሁ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ ወጥመድ ነበር አለኝ። ወጥመድስ ቢሆን? አልኩት።

ጋዜጦቹ በማግስቱ ያችን ቃል በትልቁ አወጧት፤ ወንድ ተባለ፣ አገር ወዳድ ተባለ። የውሃው ስምምነት ግን ሳይፈረም ልዑኩ ሄደ። ከወራት በኋላ ባሌን ከሥልጣን ያወረዱትም በዚችው ቃል ነው፤ እህቱን የካደ አገሩን አይክድም ወይ አሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ጎረቤቶቻችን አላገጡበት፤ ለራሱ አንድ ነገር ሳያደርግ ወረደ ማለታቸው ነው። ለዚያ እንባ አልወጣውም። እንባው ቀድሞ ያለቀው በወንድም ቀን ማግስት እኩለ ቀን ላይ፣ ታፖሽ የደወለ ጊዜ ነው።

ኒሩፖም እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«አጎቴ፣ እናቴ ትናንት ሲመሽ አረፈች» አለ ታፖሽ። «ዛሬ ማለዳ ወንዙ ዳር አቃጠልናት።»

ኒሩፖም «በሩን ቀብታ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ለምን እንደጠየቀ እኔ አውቃለሁ። ትንሽ ነገር እንኳ ተርፎለት እንደሆነ ፈልጎ ነው።

«አልቀባችም። የጠባቂዎቹ አዛዥ፣ የወሰኑን በር እንድንከፍት ልንታዘዝ እንችላለን፣ ወንድምሽ ሳይመጣ አይቀርም ብሎ ልኮባት ነበር። በር የሚቀባው ወንድም ሩቅ ሲሆን ነው፣ የኔ መንገድ ላይ ነው አለች። ቀኑን ሙሉ ውሃ አልቀመሰችም። መድኃኒቱንም እምቢ አለች።»

«የተናገርኩትንስ... ሰምታለች?»

«ጎረቤት ከስልኩ አነበበላት። ሥራው ነው፣ እንዲያ ማለት ይኖርበታል አለች። እሱ ማንም የለኝም ካለ ይሁን፣ እኔ ግን ወንድም አለኝ አለች። ከዚያ ሰንደሉ እንዳይደርቅብኝ ጠብታ ጠብታ ጤዛ ጨምሩልኝ ትል ነበር።»

ኒሩፖም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ስናጥባት ሰንደሉ ትንሿ ጣቷ ላይ ደርቆ ነበር» አለ ታፖሽ። «ሚስቴ ልታጥበው ስትል ከለከልኳት። እንዳለ ነው እሳቱ ላይ ያስቀመጥናት። አጎቴ? እየሰማኸኝ ነው?»

ስልኩን ከባሌ እጅ ወሰድኩ።

«አጎትህ እየሰማህ ነው፣ ልጄ» አልኩት።