ሙሚና የከለከለችው ምርቃት

ሙሚና "ልጄን አልመርቅም" አለች ሲባል ሰፈሩ ጉድ አለ። እናት ትቆጣለች፣ ትቆነጥጣለች፣ ሲብስባትም ትራገማለች፤ ዐረብ አገር የምትሄድን ልጅ ያለ ምርቃት መሸኘት ግን በእነሙሚና ወገን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። አንዳንዱ "ልቧ ደንድኗል" አለ፤ ሌላው "በገዛ ልጇ ቀናች እንዴ?" ብሎ አሾፈ። ወሬ ቀረጥ የለበትም መቼም። ሴትየዋ ልጇን ለማስቀረት በእጇ የቀራት ነገር ያ ምርቃት ብቻ እንደነበረ ማን ይወቅላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሙስአብ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ሶማሌ ተራ ጥግ ላይ ቦቲ ጫማና ዣንጥላ ትሸጣለች። በጋውን ሙሉ ዝንብ እሽ ስትል ትከርምና ክረምት ሲገባ ፊቷ ይፈታል። ሰው ሁሉ ዝናቡን ሲያማ እሷ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። ትልቋ ልጇ ሰልሰቢል አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ከዋለች ዓመት አልፏታል። አንድ ቀን አጎቷ ሙህዲን መጣና "ጂዳ ጥሩ ቤት ተገኝቷል" አለ። ልጅቷ የአባቷን ወገብ አየች፣ የታናናሾቿን የሀፍሷንና የኢስሀቅን የተቀደደ ዩኒፎርም አየች፣ ብዙም ሳታስብ "እሄዳለሁ" አለች። ከዚያች ቃል በኋላ ሙሚናን የሚሰማት ጠፋ። አጎት ከደላላ ጋር ተስማማ፣ አባት ፈቀደ፣ ፓስፖርት ወጣ። "ተው ሙስአብ" ብላ ለመነች፤ "ተዪ ልጄ" ብላ አለቀሰች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት።

የፈራችው በሩቅ የሰማችውን አይደለም። አንድ ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቷ የእትዬ ሸዋርካብሽ ልጅ እድላዊት ቤሩት ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ድምጿ ከጠፋ ሁለት ሆነ። ግድግዳው ስስ ነውና እትዬ ሸዋርካብሽ ለብቻቸው ሲያወሩ ሙሚና ትሰማቸዋለች፤ "ዛሬስ በላሽ? እዚያስ ይበርዳል?" እያሉ። ይህን እየሰማች ልጇን እንዴት ትልቀቅ።

ታዲያ ሰልሰቢል አንድ ጠባይ አላት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ካልተመረቀች ትልቅ ነገር አትጀምርም። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለታ እናቷ በሌሊት ወደ ገበያ ወጥታ ስለነበር ከትምህርት ቤቱ በር ተመልሳ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሮጣ፣ ተመርቃ ነው የተፈተነችው። ሙሚና ይህን ያዘች። ሌላው ሁሉ የወንዶቹ ይሁን፤ ምርቃቱ ግን ከእኔ አፍ ነው የሚወጣው አለች በሆዷ። እኔ ዝም ካልኩ ልጄ እግሯን አታነሳም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ወር የቀረው፣ ሐምሌ ገና የገባ ሰሞን ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። መኪናው ከዐስር ሶላት በፊት እንደሚመጣ ደላላው ተናግሯል። ሙሚና ቤት ቁጭ ብላ ሻንጣ ሲታሰር ማየት አቅቷት ጠዋት ሥራዋ ላይ ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ሰልሰቢል ሁለቱን ታናናሾቿን አስከትላ ከተፍ አለች።

"ዛሬ አንቺ ቁጭ በይ፤ እኔ ልሽጥ" ብላ እናቷን ካርቶን ላይ አስቀመጠቻት።

ከዚያማ ገበያው ደራ። አንድ ሽማግሌ ቦቲ ለክተው "ጠበበኝ" ቢሉ "ጋሼ፣ ጫማውስ ልክ ነው፤ ካልሲዎ ነው የወፈረው" አለቻቸው። ሰውዬው እየሳቁ ገዙ። ሙሚናም ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ይቺን ሳቅ ነገ ከየት አመጣታለሁ ብላ ፊቷን አዞረች። ካፊያው ሲያባራ ሰልሰቢል አጠገቧ መጥታ ቁጢጥ አለች።

"እማ፣ አትመርቂኝም?"

"አልመርቅሽም።"

"የምርሽን ነው?"

"የምሬን ነው። ከሄድሽ እንዲሁ ትሄጃለሽ።"

ልጅቷ ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ግን "እሺ" አለችና ተነስታ በቆሎ ጥብስ ገዝታ መጣች። የዘንድሮ የመጀመሪያው እሸት ነው። ለአራት ሰብራ አካፈለቻቸውና የራሷን እየነፋች፣ ከንፈሯ ጥላሸት እስኪነካ በላች። ሳምንት ሙሉ እህል አልገባ ብሏት የሰነበተች ልጅ ነች እኮ። ሙሚና በቆሎውን በእጇ ይዛ ታያታለች። ምነው ቅንጣት አልደነገጠችም?

ቀትር ላይ ዕቃውን ለጎረቤት ሻጭ አደራ አስጠብቀው በዱባይ ተራ በኩል ዞረው ወደ ቤት አቀኑ። ሰልሰቢል ናት ዙሩን የፈለገችው። አንድ ጭማቂ ቤት አስገብታቸው ስፕሪስ አዘዘች። ኢስሀቅ አፍንጫው ድረስ ማንጎ ተቀባ።

"መምህራችን ክረምቱን ወላጆቻችሁን አመስግኑ ብለውናል" አለ፣ ገና አሁን ትዝ ብሎት። "እማ፣ ስለ ቦቲው አመሰግናለሁ።"

"እኔ ደግሞ ስለምትቆነጥጪኝ" አለች ሀፍሷ፤ ተሳሳቁ።

ሰልሰቢል ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "እኔ እምቢ ስላልሽኝ ነው የማመሰግንሽ" አለች። "ልጅ ሆኜ እምቢ ስትይኝ እናደድ ነበር። አሁን ሳስበው እምቢ ያልሽኝ ሁሉ ለእኔ ነበር።"

ሙሚና ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች። ምስጋና እንዲህ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላል ብላ አስባ አታውቅም። ስንብት ነው አለች፤ ሰው የሚለየውን ነው እንዲህ የሚያመሰግነው። ልጅቷ ዓይን ዓይኗን እያየች እንደገና ጠየቀቻት።

"አሁንም አትመርቂኝም አይደል?"

"ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አልመርቅሽም።"

"እሺ እማ" አለችና ፈገግ ብላ የኢስሀቅን ትራፊ ጨለጠችለት።

ያኔ ሙሚና ተስፋዋ ተሰበረ። በቃ፣ ልጅቷ ቆርጣለች። ያ ጠባይዋም ከልጅነቷ ጋር አብሮ ሄዷል። ሳትመረቅ ትሄዳለች፣ ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ብትሆን ደግሞ... የቀረውን ልታስበው አልቻለችም። መንገዱን ሁሉ ከሰው እየተጋጨች ሄደች፤ አንድ ተሸካሚ "እናት፣ ጎን ጎን" እያለ ቢጮህባትም አልሰማችውም።

ቤት ሲደርሱ አጎት ሙህዲንና ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሰልሰቢል ወደ ውስጥ ገባች፤ ሙሚና ግን እግሯ እምቢ አላትና ወደ ጓሮ ዞራ ቧንቧው ጋ ሄደች። እትዬ ሸዋርካብሽ ልብስ ያጥባሉ። ሲያዩዋት እጃቸውን ከአረፋው አወጡ።

"እውነት ነው አልመርቃትም ማለትሽ?"

"እውነት ነው እትዬ። እርስዎ ይፈርዱብኛል? ሌላው ቢፈርድብኝ እርስዎ ያውቁታል።"

ሴትየዋ ሲያጥቡት የነበረውን ልብስ ጨመቁት። ውሃው ካለቀ በኋላም ይጨምቁታል።

"እኔ እድላዊትን አልመረቅኋትም" አሉ።

ሙሚና ክው አለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው መርቀው እንደሸኟት ነው።

"ለሰው የነገርሁት ውሸት ነው። ልክ እንደ አንቺ ያዝኩባት። ከሄድሽ ምርቃቴን አታገኚም ብዬ ዘጋሁባት። ትቀራለች ብዬ እኮ ነው። እኔ ቅዳሴ እንደሄድሁ እሷ ወጥታ ሄደች። ስትደውልልኝም እልኬን አልተውሁም። አሁን ምርቃቱ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል፤ የምሰድበት አድራሻ የለኝም። ልጅ መሄዱን አይተውም፣ ሙሚና። ባዶዋን ሸኝተሻት ክፉ ቢደርስባት የት ትገቢያለሽ? ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ።"

ዕንባቸው ከአረፋው ጋር ክንዳቸው ላይ ወረደ። ሙሚና ዞረች። ነጠላ ጫማዋ እያዳለጣት ሮጠች።

ቤቱ በሰው ታጭቋል። ሙስአብ ወገቡን በትራስ ደግፎ ተቀምጧል። ሙህዲን ቆሞ ፊቱን አጥቁሯል። ሰልሰቢል አልጋው ጫፍ ላይ ናት፤ ጫማዋን እንኳ አላደረገችም።

"መጣሽ?" አለ ሙህዲን። "በይ ስሚ፣ ይቺ ልጅሽ ምን እንደምትል..."

"ቆይ" አለችው ሙሚና። ቃሉን አላስጨረሰችውም። ከቆየች ድፍረቱ ይከዳታል። እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ሁለት እጇን ዘረጋች።

ሰልሰቢል ቀና ብላ እጆቿን አየች። "እማ" አለች በቀጭኑ። "እማ፣ አንቺ እኮ..."

"የሄድሽበት ይቅናሽ" አለች ሙሚና። "የሰው ፊት አይግረፍሽ። አላህ የሚራራልሽን ሰው ፊትሽ ያቁምልሽ። የነካሽው በረካ ይሁን። በእግርሽ ሄደሽ በእግርሽ ተመለሺ። እኔንም ሳልሞት ያገናኘኝ።"

"አሚን" አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። ሙስአብ ፊቱን በእጁ አበሰ። አሮጊቶቹ አለቀሱ። ሰልሰቢል ብቻ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሁሉም ሲያያት፣ ቆይታ፣ እሷም "አሚን" አለች። ሙሚና ልጇ ላይ ደስታ ፈልጋ አጣች፤ ቆሌዋ ነው የተገፈፈው። ከጠዋት ጀምሮ የነበረው ያ ፈገግታ የለም።

ውጪ ክላክስ ተነፋ። ሰው ግር ብሎ ተነሳ፤ አንዱ ሻንጣ ሲያነሳ ክዳኑ ተከፈተ፤ ልብሱ ግማሹ የለም።

"ቶሎ መልሱት!" አለ ሙህዲን። ሀፍሷ ከቤቱ የልብስ ሳጥን ውስጥ ልብሱን እያወጣች መልሳ ጨመረች፤ እያለቀሰች።

ሰልሰቢል እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በጫጫታው መሐል በጆሮዋ ነው ያወራቻት። "እስከ መጨረሻው እምቢ ትይልኛለሽ ብዬ ነበር" አለች። "ፈርቼ ነበር፣ እማ። እሄዳለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼ እንዴት ፈራሁ ልበል? አንቺ ሳትገቢ ለአጎቴ፣ እናቴ ካልመረቀችኝ አልሄድም ብዬው ሻንጣውን ፈትቼ ነበር። ሊያብድ ደርሶ ነበር፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ያለ እናት ምርቃት ሂጂ የሚል የለም።"

ሙሚና መጀመሪያ አልገባትም። በኋላ በቆሎው ትዝ አላት፣ ያ ሁሉ "እሺ"፣ ያ ሁሉ ሳቅ። ልጇን አጥብቃ ያዘቻት።

"ቅሪ" አለች። "ቅሪ ልጄ። ምርቃቴን መልሻለሁ።"

"ሰው ሁሉ ሰምቶ?"

"ይስማ።"

"አባባ አለቀሰ እኮ፣ እማ። አሁን ምን ብዬ ልቅር?" ጉንጯን ሳመቻት። "አሚን ብያለሁ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሙህዲን ልጅቷን በክንዷ ይዞ ወሰዳት። ሙሚና "ቆይ፣ አንዴ ቆዩ" እያለች ተከተለች፤ የሚኒባሱን በር ያዘች፤ ዘመዶቿ "የእናት ነገር" እያሉ እጇን ጣት በጣት አስለቀቋት። መኪናው ጭቃውን እየረጨ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አቅጣጫ ወረደ። ዝናቡም መጣ። ሴቶቹ "አይዞሽ፣ የተመረቀ ልጅ የትም አይወድቅም" አሏት፤ እየተሯሯጡ ገቡ።

ከግቢው በር ላይ እትዬ ሸዋርካብሽ ቆመው ነበር። መጥተው ሁለት እጇን ያዙ፣ ያንኑ ለምርቃት የዘረጋችውን። ፊታቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ በርቷል።

"እንኳን ሰማሽኝ" አሉ። "ቢያንስ ያንቺዋ እንደ እኔዋ ባዶዋን አልሄደችም።"

ሙሚና ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ አየቻቸው። እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ሴትየዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሲያወሩ ኖረዋል፤ ይህን ደግሞ በላዩ እንዴት ትጫንባቸው።

"አዎ እትዬ" አለች። "እንኳን ነገሩኝ።"